ዜናን በፈረሱላ መመዘን

አባቴ ሰላም የማይለው አንድ ሰው ነበር። ሰውየው ጅማ ሂርማታ ገበያ አጠገብ ሚዛን ሰቅሎ ጀንፈል፣ ማለትም ከነገለባው የደረቀ ቡና፣ የሚገዛ ነጋዴ ነው። በ1994 ዓ.ም. ከቀዬያችን ከየቡ በአህያ ጭነን ያመጣነውን ቡና የገዛን እሱ ነው። አንዱን ፈረሱላ፣ ማለትም አሥራ ሰባት ኪሎውን፣ በ45 ብር ሒሳብ። አባቴ ብሩን ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ አንድ ቃል ሳይተነፍስ አህያዎቹን ነድቶ ወጣ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ ያንን ሰው መንገድ ላይ ሲያየው ፊቱን ያዞር ነበር።

እኔ ያኔ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ሚዛኑ የኔ ነው። ጅማ ውስጥ ቡና እየሰበሰብኩ ለአቅራቢዎች እሸጣለሁ። ዋጋ የወረደ ቀን ገበሬው ከሚዛኑ ማዶ ቆሞ አባቴ ያንን ሰው ባየበት ዓይን ያየኛል። «ትናንት እንዲህ አልነበረም፤ ዛሬ ምን ተፈጠረ?» ይለኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልስ ይገባዋል። «ገበያው ነው» ማለት መልስ አይደለም።

ያንን መልስ ስፈልግ ነው ፖለቲካና ኢኮኖሚ አንድ ገመድ መሆናቸው የገባኝ። ገመዱን አንዱ ጫፍ ላይ ሲጎትቱት ሌላው ጫፍ ይንቀሳቀሳል። አንዳንዱ ጫፍ አዲስ አበባ ነው፣ አንዳንዱ ዋሽንግተን፣ አንዳንዱ የብራዚሉ ሳንቶስ ወደብ። እኛ የምናየው የኛን ጫፍ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዴት አድርጌ ገመዱን ይዤ ወደ ኋላ እንደምሄድ ላሳያችሁ። ቡና ባትነግዱም ይሠራላችኋል። በጤፍ፣ በዘይት፣ በቆርቆሮም ማድረግ ይቻላል። እኔ የማውቀው ቡና ስለሆነ በቡና እናገራለሁ።

መጀመሪያ ደብተር

ካሬ ያለው የሒሳብ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ አትጻፉት፣ ስልክ ይጠፋል። ገጹን በአራት ዓምድ ክፈሉት። ኒውዮርክ፣ ዶላር፣ ናፍጣ፣ ጅማ። በየቀኑ ካልቻላችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ሙሉት። እኔ ማክሰኞና ዓርብ ማታ እሞላለሁ።

ኒውዮርክ የምለው እዚያ የሚገበያየውን የአረቢካ ቡና ውል ነው። ዋጋው ስልክ ላይ በነፃ ይገኛል። የሚነገረው በአሜሪካ ሳንቲም፣ በአንድ ፓውንድ ነው። «300» የሚል ካያችሁ አንዱ ፓውንድ 3 ዶላር ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ዛሬ ተጭኖ የሚሄድ ቡና ዋጋ አይደለም። ወደፊት የሚመጣ ወር ውል ነው። መጋቢት፣ ግንቦት፣ ሐምሌ፣ መስከረም ወይም ታኅሣሥ የሚሉ የፈረንጅ ወሮች ይኖሩታል። የቅርቡን ወር ውሰዱ፣ እሱን ይዛችሁ ቆዩ፤ እያቀላቀላችሁ አትጻፉ።

አሁን አንድ ደስ የሚል ነገር ልንገራችሁ። የኒውዮርኩ አንድ ውል 37,500 ፓውንድ ነው። የኛ አንድ ፈረሱላ ደግሞ 37.5 ፓውንድ ገደማ ይመዝናል። ስለዚህ ኒውዮርክ ላይ አንድ ውል ተሸጠ ሲባል የኛ አንድ ሺህ ፈረሱላ ተሸጠ ማለት ነው። ይህን ያወቅኩ ቀን ያ ሩቅ የመሰለኝ ነገር በአንዴ ቅርብ ሆነልኝ። በኛ ሚዛን ሊነገር የሚችል ነገር ነበር።

ሁለተኛው ዓምድ ዶላር ነው። የባንኩን ዋጋ ጻፉ። የትይዩውን ገበያ፣ ማለትም ከባንክ ውጭ የሚመነዘርበትን፣ ወሬም ጎኑ ላይ በእርሳስ ጻፉ። እዚያ ሄዳችሁ መንዝሩ ማለቴ አይደለም፤ ለምን እንደሚያስፈልግ ወደ ታች አሳያችኋለሁ። ሦስተኛው ናፍጣ ነው፤ ቡናው በእግሩ አይሄድም፣ ከጅማ አዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከዚያ ጂቡቲ ይቀራል። አራተኛው በራችሁ ላይ ያለው ዋጋ ነው። ጀንፈል ስንት ተገዛ? እሸት፣ ማለትም ሳይደርቅ የሚሸጠው ቀይ ቡና፣ ስንት?

ጣሪያውን ማስላት

ለምሳሌ ያህል ቁጥር ልያዝ። ኒውዮርክ 3 ዶላር ቢሆን፣ ዶላር በባንክ 130 ብር ቢሆን።

3 ዶላር በ37.5 ሲባዛ 112 ዶላር ከሃምሳ ሳንቲም ይሆናል። ያ የአንድ ፈረሱላ ንጹሕ ቡና ዋጋ ነው። በ130 ሲባዛ 14,625 ብር። ጀንፈል ግን ንጹሕ ቡና አይደለም። ተፈልፍሎ ገለባው ሲወጣ ግማሽ ገደማው ይቀራል። ስለዚህ ለሁለት እናካፍለው፤ 7,300 ብር ገደማ። ይህን እኔ «ጣሪያ» እለዋለሁ። ከዚህ በላይ ከፍሎ የሚያተርፍ ሰው በተለመደው መንገድ ሊኖር አይችልም።

ከጣሪያው ወደ ታች ደግሞ እንቀንስ። መፈልፈያ፣ ለቀማ፣ ጆንያ፣ ጫኝና አውራጅ፣ መኪና፣ የባንክ ወለድ፣ ታክስ፣ የአቅራቢው ትርፍ፣ የላኪው ትርፍ። የጅማ ያልታጠበ ተራ ደረጃ ቡና ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከኒውዮርኩ ዋጋ ዝቅ ብሎ ነው የሚሸጠው። የታጠበ የሊሙ ቡና ሌላ ነው፣ እሱ ከፍ ሊል ይችላል። እንግዲህ ገበሬው እጅ የሚገባው ከጣሪያው ምን ያህል ዝቅ ያለ ነው? ልዩነቱን በየሳምንቱ ጻፉት። ዋናው ዕውቀት ያለው እዚያ ልዩነት ውስጥ ነው። ልዩነቱ ሲሰፋ አንድ ሰው መሀል ላይ እየወሰደ ነው፣ ወይም መንገድ ተዘግቷል፣ ወይም ባንክ ብድር አቁሟል። ሲጠብ ውድድር አለ።

ልዩነቱ ሲገለበጥስ? የጅማው ዋጋ ከጣሪያው በላይ ቢወጣስ? ይህ ለዓመታት በዓይናችን ያየነው ነገር ነው። ረጋ ብዬ ላስረዳ፣ ምክንያቱም ፖለቲካ ዋጋ ውስጥ እንዴት እንደሚደበቅ ከዚህ የተሻለ ማሳያ አላውቅም።

የተደበቀው ዶላር

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከባንክ ውጭ እጥፍ ገደማ ይሸጥ ነበር። ባንክ ላይ ወረፋው ማለቂያ የለውም። ቆርቆሮ፣ ጎማ፣ መለዋወጫ ማስገባት የሚፈልግ ነጋዴ ዶላር አያገኝም። ቡና የላከ ነጋዴ ግን ካመጣው ዶላር የተወሰነውን ለራሱ ማስገቢያ መጠቀም ይችላል። እንግዲህ ምን አደረጉ? ብዙዎቹ ቡናውን በኪሳራ ላኩት። እዚህ በውድ ገዝተው እዚያ በርካሽ ሸጡት። ያገኙትን ዶላር ይዘው ዕቃ አስገቡ። ዕቃውን እንደፈለጉት ዋጋ ሸጡት። ቡናው ላይ የጠፋው ገንዘብ ቆርቆሮው ላይ ተመለሰ።

ስለዚህ አንድ ሰው መርካቶ ሄዶ ለቤቱ ቆርቆሮ ሲገዛ የቡናውን ኪሳራ እየከፈለ ነበር። አያውቅም። ቆርቆሮ ሻጩን ነው የሚረግመው። ቡና ብቻ የሚነግድ ሐቀኛ ላኪ ደግሞ ከነዚህ ጋር መወዳደር አቅቶት ወጣ። ይህ ሁሉ የመጣው ዶላር በ57 ይሁን ከሚል አንድ የመንግሥት ውሳኔ ነው።

ከዚያ ሰኞ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያው ለቀቀው። በመጀመሪያው ቀን ዶላር ከ57 ወደ 75 ብር ገደማ ዘለለ። ወራት ሳይቆጠሩ ከመቶ አለፈ። ለምን ያን ቀን? ወደ ኋላ ስትሄዱ ታገኙታላችሁ። በታኅሣሥ 2016 አገራችን የአንድ ቢሊዮን ዶላር ቦንዷን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀርታ ነበር። የገንዘብ ድርጅቱ፣ አይ ኤም ኤፍ፣ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ለመስጠት ለወራት ሲደራደር ቆይቶ በዚያው ሐምሌ 22 አጸደቀ። ውሳኔው የተወለደው ከዕዳ ነው።

እኔ ሐምሌ 15 መጋዘኔ ውስጥ የቀሩትን 40 ጆንያ ሸጬ ነበር። ክረምት ነው፣ ብር ያስፈልገኝ ነበር፣ ዋጋውም ጥሩ መሰለኝ። የድርድሩን ዜና ሰምቻለሁ። ከኔ ጆንያ ጋር ግን አላገናኘሁትም፤ ደብተሬ ላይ የባንኩን ዋጋ ብቻ ነበር የምጽፈው፣ ከትይዩው ገበያ ጋር ያለውን ሰፊ ልዩነት አልጻፍኩም። ልዩነቱን በየሳምንቱ ጽፌ ቢሆን ይህ ነገር እንደማይዘልቅ አየው ነበር። በእርሳስ ጻፉ ያልኳችሁ ለዚህ ነው። ሁለት ዋጋ ያለው ነገር ሁሉ አንድ ቀን አንድ ይሆናል። የሚሆንበትን ቀን የሚወስነው ፖለቲካ ነው።

ጥሩው ጎን ታየ። በ2016 በጀት ዓመት ከቡና የተገኘው 1.4 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2017 ከ2.6 ቢሊዮን በላይ ሆነ። የዓለም ዋጋም ረድቷል፤ በየካቲት 2017 ኒውዮርክ ከ4 ዶላር አልፎ ነበር። የጎማ ወረዳ ገበሬ ቤቱን ቀየረ። ግን መምህርት እህቴ አለችኝ። ደመወዟ በብር ነው። ዘይቱም፣ መድኃኒቱም፣ የልጇ ደብተርም በዶላር የመጣ ነው። እኔ ቤት ደስታ የሆነው ዜና እሷ ቤት ጭንቅ ሆኖ ገባ። አንድ ውሳኔ በአንድ እናት ልጆች ላይ ሁለት ዓይነት ሲሆን አይቻለሁና፣ «አገር ተጠቀመች» ወይም «አገር ተጎዳች» ሲባል ስሰማ፣ የትኛው ቤት ብዬ እጠይቃለሁ።

ሦስቱ ጥያቄዎች

ቁጥሩን ከጻፋችሁ በኋላ ዜና ስትሰሙ ሦስት ነገር ጠይቁ። ማን ወሰነ? ማን ይከፍላል? ወደኔ የሚገባው በየት በር ነው? በር የምለው ከአራቱ ዓምዶች አንዱን ነው። የትኛውም የዓለም ዜና ወደ ጅማ ከገባ በኒውዮርክ፣ በዶላር፣ በናፍጣ ወይም በቀጥታ በሚዛኑ በር ነው የሚገባው።

ጅማ ይህን ከድሮም ታውቀዋለች። የጅማው ንጉሥ ዳግማዊ አባ ጅፋር በ1870ዎቹ ዓ.ም. ለምኒልክ ገብረው፣ የውስጥ አስተዳደራቸውን ይዘው ቀሩ። ማን ወሰነ? ጅሬን ላይ የተቀመጠው ቤተ መንግሥት። ማን ከፈለ? ግብሩን ያዋጣው ሕዝብ። ምን ተረፈ? ሂርማታ ገበያ አልተቃጠለም፤ ከየአቅጣጫው ነጋዴ እየጎረፈበት ቀጠለ። ሌሎች ጎረቤት ግዛቶች በጦርነት ሲፈርሱ ጅማ ገበያዋን በግብር ገዛች።

አሁን ረጅም ገመድ እንያዝ። እኔ ሥራ ፈት ስሆን ደጋግሜ የምከተለው ይህንን ነው።

እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1973 ግብፅና ሶርያ ከእስራኤል ጋር ተዋጉ። የዐረብ ነዳጅ አምራቾች እስራኤልን በሚደግፉት ላይ ማዕቀብ ጣሉ። የነዳጅ ዋጋ በወራት ውስጥ አራት እጥፍ ገደማ ሆነ። ያ ፖለቲካ ኢኮኖሚን የነካበት ነው። በናፍጣና በቤንዚን በር አዲስ አበባ ገባ። በየካቲት 1966 ዓ.ም. የታክሲ ሹፌሮች በቤንዚን ጭማሪ ምክንያት ሥራ አቆሙ። መምህራኑም የራሳቸው ጥያቄ ነበራቸው፣ ወታደሩም ደመወዝና ኑሮ አንገፍግፎታል። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ ቀነሰ፤ አልበቃም። መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሠ ነገሥቱ ወረዱ። እዚህ ላይ ኢኮኖሚው ፖለቲካውን ገለበጠው። ቤንዚኑ ብቻ አይደለም፣ የወሎ ድርቅ ነበር፣ የመሬት ጥያቄ ለዓመታት ሲብላላ ቆይቷል። ግን ክብሪቱን የጫረው ዋጋ ነው።

ከዚያ ገመዱ ተመልሶ ወደ ኛ መጣ። የካቲት 25 ቀን 1967 የገጠር መሬት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ። ሊሙ አካባቢ ያሉ ትልልቅ የቡና እርሻዎችም ወደ መንግሥት እጅ ገቡ። የየቡው አያቴ ጭሰኛ ነበር። በአንድ ቀን እርቦና ሲሶ መክፈል ቀረለት። አባቴ ያን ቀን ሲተርክ ድምፁ ይቀየር ነበር፤ አያቴ ማሳው መሀል ቁጭ ብሎ አፈሩን በእጁ ይዞ አለቀሰ ይላል።

ግን ታሪኩ እዚያ አያቆምም። እዚያው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975፣ ብራዚል ፓራና ውስጥ ውርጭ ወርዶ በብዙ መቶ ሚሊዮን የሚቆጠር የቡና እግር ገደለ። እ.ኤ.አ. በ1977 ኒውዮርክ ላይ አንዱ ፓውንድ ከ3 ዶላር አለፈ። ታዲያ አያቴ ሀብታም ሆነ? አልሆነም። የመንግሥት ድርጅት በተወሰነ ዋጋ ነበር የሚገዛው፣ ቡና ላይ የተጣለው ታክስም ከባድ ነበር። ዶላሩም በ2.07 ብር ተቸንክሮ እስከ 1985 ዓ.ም. ቆየ። መሬቱን በአንድ አዋጅ አገኘ፣ የመሬቱን ፍሬ ዋጋ በሌላ አዋጅ አጣ። ሦስቱን ጥያቄ ሳይጠይቅ «ዋጋ ጨመረ» የሚል ሰው ይህንን አያይም። ዋጋው ጨምሮ ነበር። በሩ ግን ተዘግቶ ነበር።

ከሩቅ አገር የሚመጣ ውሳኔ

አባቴ ወደተጣላው ሰውዬ ልመለስ፣ ምክንያቱም የ45 ብሩ ነገር የሚፈታው በውጭ ዜና ነው።

እ.ኤ.አ. በ1962 ቡና የሚያመርቱና የሚገዙ አገሮች ስምምነት ፈረሙ። እያንዳንዱ አምራች የሚልከው በኮታ ሆነ፣ ዋጋውም እንዳይወድቅ ተያዘ። አሜሪካ ትልቋ ገዢ ነች፤ ዋጋ ከፍ እንዲል ለምን ትፈርማለች? ኩባ ላይ አብዮት ከተካሄደ ሦስት ዓመቱ ነበር። የቡና ዋጋ ወድቆ የላቲን አሜሪካ ገበሬ ቢራብ ወደ ኮሚኒዝም ይሄዳል ብለው ፈሩ። እያንዳንዱ አሜሪካዊ ለሲኒው ጥቂት ሳንቲም ጨምሮ የሚከፍለው ለዚያ ፍርሃት ነበር። እኛም በዚያ ጥላ ሥር ተጠለልን።

እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1989 የኮታው ሥርዓት ፈረሰ። አገሮቹ በድርሻ መስማማት አልቻሉም፣ ዋሽንግተንም እንደ ድሮው አልጓጓችም። በአራተኛው ወር የበርሊን ግንብ ፈረሰ። ፍርሃቱ ሲጠፋ ጥላውም ተነሣ። ዋጋው በወራት ውስጥ በግማሽ ገደማ ወደቀ። ቬትናም ደግሞ ኢኮኖሚዋን ከ1986 ጀምሮ ለገበያ ከፍታ፣ ደጋዋን ሮቡስታ የሚባለውን ሌላ ዓይነት ቡና ተክላበት፣ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ከብራዚል ቀጥላ ሁለተኛ ሆነች። እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ኒውዮርክ ከ50 ሳንቲም በታች ወረደ፤ በሠላሳ ዓመት ውስጥ እንዲያ ዝቅ ብሎ አያውቅም። በኛ አቆጣጠር የ1994 ምርት የሚለቀምበት ወቅት ነው። የኛ አህያዎች ሂርማታ የደረሱት ያኔ ነው። ጎረቤቶቻችን በዚያ ዓመት ቡና ነቅለው ጫት ተከሉ።

የቅርቡን ላምጣ። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ በሚያዝያ ከኢትዮጵያም ጭምር በሚገባ ዕቃ ላይ 10 በመቶ ቀረጥ ጣለች። በነሐሴ የብራዚልን 50 በመቶ አደረሰችው፤ ለዚያ የቀረበው ምክንያት የብራዚል የቀድሞ ፕሬዚዳንት መከሰስን ይጨምራል። የአንድ ሰው የፍርድ ቤት ጉዳይ ቡና ላይ ቀረጥ ሆነ። ወዲያው እዚህ «የብራዚል ቡና ስለተወደደ ሁሉም ወደኛ ይመጣል» የሚል ወሬ ነፈሰ። አትቸኩሉ አልኩ። አሜሪካ ቡና የምታበቅለው ጥቂት ነው፤ ቀረጡን የሚከፍለው የራሷ ጠጪ ነው። ጠጪው ደግሞ ድምፅ ሰጪ ነው። በየሱቁ ዋጋው ሲንር ተጉረመረመ። በኅዳር ቡና ከቀረጡ ወጣ፤ መጀመሪያ የሌሎቹ፣ በሳምንቱ የብራዚልም። «ማን ይከፍላል?» የሚለውን ጥያቄ በትክክል የመለሰ ሰው ውሳኔው እንደማይቆይ ቀድሞ መገመት ይችላል። ከፋዩ ድምፅ የሌለው ሲሆን ውሳኔው ይቆያል፣ ድምፅ ያለው ሲሆን ይነሣል። አያቴ ድምፅ አልነበረውም።

የአውሮፓው ሕግ ደግሞ በቀጥታ በሚዛኑ በር ነው የመጣው። እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ በኋላ ደን ተጨፍጭፎ የተተከለ ቡና አይገባም ይላል። ለዚያ ማስረጃ የእያንዳንዱ ማሳ ቦታ በጂፒኤስ ይመዝገብ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2024 መጨረሻ ይጀመራል ተባለ፣ አንድ ዓመት ተገፋ፣ እንደገና አንድ ዓመት ተገፋ። መግፋቱም ፖለቲካ ነው፤ የአውሮፓ ኩባንያዎችም፣ አምራች አገሮችም ጮኸዋል። ባለፈው የወንድሜ ልጅ ስልኩን ይዞ የአንዲት አሮጊት ማሳ ጠርዝ ሲዞር አብሬው ዞርኩ። ማሳዋ በኮረሪማና በጥላ ዛፍ የተሸፈነ ነው። እሷ ከኋላ እየተከተለች «ልጄ፣ ይህ ነገር መሬቴን ለሰው አይሰጥብኝም?» አለችው። ቆም ብሎ አስረዳት። ስልኩ ላይ የወጣውን ሥዕል አሳያት። እሷ ያየችው ቅርጽ የማሳዋ አልመስል ብሏት፣ «እዚህ ጋ ዋንዛው አለ፣ እሱን ዞረህ ግባ» ብላ አስተካከለችው። ደን ያልነካች ሴት ደን አለመንካቷን እንድታስመሰክር የተጠየቀችው ብራሰልስ ውስጥ በተሰጠ ድምፅ ነው። ካርታ የማንሳቱ ወጪ ማን ላይ እንደሚወድቅ በየሳምንቱ ከአቅራቢዎች ጋር የምከራከረው ለእሷ ስል ነው።

ስትጀምሩ

ዜና በሰማችሁበት ቀን አትሽጡ፣ አትግዙም። ጻፉት፣ በየትኛው በር እንደሚገባ ምልክት አድርጉ፣ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። የኒውዮርክ ዜና ጅማ ለመድረስ አንዳንዴ አንድ ቀን፣ አንዳንዴ ወር ይፈጅበታል። የናፍጣ ወዲያው ይደርሳል። የምንዛሪ ዜና በመጀመሪያ የሚደርሰው ዘይት ላይ ነው፣ ቡና ላይ ቆይቶ። ይህ በኔ ደብተር የታየ ነው፣ የእናንተ ሊለይ ይችላል።

ደላላ የነገራችሁን በሌላ ቀለም ጻፉ። እውነት ይሆናል፣ ግን እሱም የሚሸጠው ነገር አለው። ቀይ ባሕር ላይ መርከብ ተመታ ሲባል አንዱ መጥቶ «ቡና መሄድ ቆመ» ብሎኝ ነበር። ቡናው አልቆመም፤ መርከቦቹ በደቡብ አፍሪካ ዞሩ፣ ጊዜና ኪራይ ጨመረ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። የቆመ ቡና ዋጋው ይወድቃል፣ የዞረ ቡና ጥቂት ይቀንሳል።

ወቅቱንም አትርሱ። እዚህ ለቀማ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥር ነው፣ ሁሉም አንድ ላይ ሲሸጥ ዋጋ በራሱ ይረግባል። የብራዚል ውርጭ የሚፈራው በሰኔና በሐምሌ ነው። በነዚያ ወራት የብራዚልን አየር ከጅማ ዝናብ እኩል እከታተላለሁ።

እና አሮጌ ወረቀት አትጣሉ። አባቴ ካረፈ በኋላ ሳጥኑን ስከፍት የ1994 ደረሰኙን አገኘሁት። በሰማያዊ ካርቦን የተጻፈ፣ መታጠፊያው ላይ የተበጣጠሰ። ደብተሬን አወጣሁና አሰላሁት። ኒውዮርክ 45 ሳንቲም። ዶላር 8 ብር ከሃምሳ ገደማ። በ37.5 ሲባዛ 143 ብር፤ ለሁለት ሲካፈል 71 ብር ከምናምን። ጣሪያው ያ ነው። ከዚያ ላይ የጅማ ቡና ቅናሽ፣ መፈልፈያ፣ ጆንያ፣ መኪና፣ ታክስ፣ አቅራቢው፣ ላኪው። ሁለት ጊዜ ደገምኩት። 45 ብር ትክክለኛ ዋጋ ነበር። ሰውየው ለራሱ የቀረችው ከአንድ ፈረሱላ ምናልባት ሁለት ብር ናት።

ሰውየው በሕይወት አሉ፤ ሐጂ ሆነዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ረመዳን ማታ ቴምር ይዤ ቤታቸው ሄድኩ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ነገርኳቸው፣ ደረሰኙን እጃቸው ላይ አኖርኩት፣ ሒሳቡን ከቬትናሙ ጀምሬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩላቸው። ወረቀቱን በጣታቸው ሲዳብሱት ቆዩ።

«ሃያ ዓመት ሙሉ ምን አድርጌው ይሆን ስል ነበር» አሉ። «እኔም እኮ ያን ዓመት ከስሬ መኪናዬን ሸጥኩ። ማን እንዳደረገን አላወቅንም ነበር።» ከዚያ ወረቀቱን መልሰው ሰጡኝና፣ «እስቲ ያንን ከላይ ያለውን፣ የቬትናሙን፣ ድገሚልኝ» አሉ።